እጸልይልሻለሁ ባይዋ ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷን አይቶ አይደለም፤ እሷስ ደልደል ያለች፣ ስትገባ በሩን የምትሞላ ሴት ናት። ስሙ የወጣላት በአፏ ነው። አንዲት ቃል ጣል ታደርጋለች፣ ሰው ይስቃል፣ ስቆ ሳይጨርስ የት ጋ እንደወጋችው ይገባዋል። ሥራዋ ልብስ ስፌት መሆኑ ደግሞ ስሙን ጨርሶ አጸናባት። ባሏ ሳይቀር ሲቆጣ ብቻ ነው ወላጆቿ ባወጡላት ስም የሚጠራት።

ሱቋ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት፣ በጫማ አዳሹና በመድኃኒት ቤቱ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከኋላዋ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እግሩ የሚያጥር ሱሪ፣ ወገቡ የሚሰፋ ቀሚስ፣ ዚፑ የሚቀየር ጃኬት ተደራርቦ ተሰቅሏል። ጥግ ላይ በመጋረጃ የተከለለች፣ አንድ ሰው ብቻ ቆሞ የሚለካባት ቦታ አለች፤ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወትም ተገትሮባታል።

እሁድ ሲሆን ግን መርፌ ሌላ ሰው ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው አዳራሽ ሴቶችን ታስተምራለች። ሲጀመር አንድ አግዳሚ ወንበር የማይሞሉ ነበሩ፤ አሁን ዘግይታ የመጣች ሴት መስኮት ደፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። አንዳንድ ባሎችማ «ለሚስቴ ጃንጥላ ላቀብል ነው» እያሉ፣ ፀሐይ በጠራራው ቀን፣ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ። ስለ ትዕቢት ያስተማረችው እስከ ዛሬ ይወራል። ትከሻው የተቆለለ ኮት ለብሳ ገባች፣ መሀል ላይ አወለቀችው፣ ገበሩን ተረተረችና ሁለት ስፖንጅ መዝዛ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በሉ፣ የቀረው ትከሻ የኔ ነው» አለች፤ «እሱም አንዱ ጎን ዘንበል ይላል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ግን ሦስት ሴቶች ከተኳረፏቸው ሰዎች ጋር ታርቀው መጡ።

እንዲህ ያለ አፍ ያላትን ሴት ማን ያሳርፋታል? ሙሽሮችን ምከሪልን ይሏታል፤ እሺ። ሆስፒታል ለተኙት ቃል አካፍዪ ይሏታል፤ እሺ። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ናፍቀውሻል ይሏታል፤ አሁንም እሺ። እምቢ ማለት የምትችለው ባሏን ብቻ ነው። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ ጆሮዋ ስብከት ይሰማል፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ምሳሌ ይመጣላታል። ትንሿ ልጇ ወተት ስትደፋ እንኳ ከመቆጣቷ በፊት «ይቺ ለእሁድ ትሆናለች» ትላለች።

ጸሎትስ? ትጸልያለች እንጂ! ትምህርት ስትከፍት ትጸልያለች፣ ስትዘጋ ትጸልያለች፣ ቤቷ ማዕድ ላይ ስትጸልይማ ሾርባው ይቀዘቅዛል። ብቻዋን፣ ማንም ሳይሰማት የጸለየችው ግን መቼ እንደሆነ ብትጠየቅ ግራ በገባት ነበር። ደግሞም የጠየቃት የለም። ስለ እግዚአብሔር ስታወራ የምትውል ሴት ከእግዚአብሔር ጋር አለማውራቷን በምን ትወቀው?

አንዲት ቃል ደግሞ አፏ ለምዷት ነበር፤ «እጸልይልሻለሁ» የምትል። ልጇ ፈተና ላለባት፣ ጉልበቷን ለሚያማት፣ ባሏ ሥራ ለፈታባት፣ ለሁሉም ትላታለች። ስትላት ከልቧ ነው። ሴትየዋ በሩን ሳትወጣ ግን ሌላ ደንበኛ ይገባል፣ ነገሩ ከክርና ከቁልፍ ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

አንድ እሁድ ዳቦ ሻጯ ተነሳች። ከማዞሪያው ወዲያ ባለው ዳቦ ቤት የምትሠራ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰው የማያውቀው ሴት ናት።

«እኔ መናገር አልችልም» አለች። ከዚያ መናገሯን አላቆመች። «ወንድሜ አናጢ ነው። ካገባሁ ጀምሮ ደጄን ረግጦ አያውቅም፤ ባሌን አልወደደውም። ለመርፌ አጫወትኳት፤ እጸልይልሻለሁ አለችኝ። ሐሙስ ከሰዓት ተንኳኳ። በሩን ስከፍት ሌላ በር ቆሞ አየሁ! ደነገጥኩ። ለካ ወንድሜ ነው፣ አዲስ በር በጀርባው ተሸክሞ! 'በርሽ አርጅቷል' አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከባሌ ጋር ሆነው ሲገጥሙት ዋሉ። አሁን ሁለቱ አንድ ሆነው እኔን ነው የሚያሙት! እግዚአብሔር ጸሎቷ የሚሰማላት መምህር ስለሰጠን ይመስገን።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፊት ሁሉ ወደ መርፌ ዞረ። መርፌ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ዳቦ ሻጯ የነገረቻትን ቀን በደንብ አስታወሰችው። ሱቁ በር ላይ፣ ትኩስ ዳቦ በከረጢት ይዛ ቆማ ነበር። «እጸልይልሻለሁ የኔ እህት» አለቻትና ዞር ብላ አንዱን ሰውዬ «ወገቡን ላጥብበው?» ብላ ጠየቀች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ስለ ወንድምየው አንዲት ቃል ወደ ሰማይ አልላከችም።

የዕለቱ ትምህርት ደግሞ፣ እንዳይሆን ሆኖ፣ ስለ ጸሎት ነበር። መርፌ ቆመች፣ ጀመረች፣ መሀል ላይ ቃል አጠራት። እሷን! ቃል! «ዛሬ እዚህ ላይ ይብቃን» ብላ ተቀመጠች። ሴቶቹ «መንፈስ ነክቷት ነው» እየተባባሉ ዕንባቸውን ጠረጉ፤ ይሄ ደግሞ ባሰባት።

ቤት ስትገባ ባሏ በረንዳ ላይ ጫማውን ይወለውላል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሁድ ዕረፍቱ ናት።

«ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?» አላት።

«ኧረ የሞተስ የለም። የታረቀ ነው ያለው» አለችና ዘረገፈችለት።

ሹፌሩ መጀመሪያ ሳቀ። በሩን ተሸክሞ የመጣውን አናጢ ሲያስበው ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። ከዚያ የሷን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ። «ስሚኝ» አላት፤ «እኔ ሙሉ ቀን ሰው ጭኜ እዞራለሁ። ማደያ ሳልገባ ከዋልኩ ግን መሀል መንገድ ላይ ቆሜ፣ የጫንኩት ሰው ወርዶ ነው የሚገፋኝ።»

መርፌ ዓይኗ በራ። «ይቺማ ግሩም ምሳሌ ናት! እስክሪብቶ አለህ?»

ሁለቱም ተያዩ። እሷ እጇን ለእስክሪብቶ እንደዘረጋች ቀረች። ቀጥሎ የመጣው ሳቅ ልጆቹን ከጓዳ አስወጣቸው፤ መርፌ ስትስቅ ዕንባዋ ይፈስ ስለነበር የትኛው እንደሆነ ልጆቹ አልለዩትም።

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ጋ ሄደች። ጠዋት የሚጋፋው ሰው እስኪቀንስ ጠብቃ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለች።

«አልጸለይኩልሽም» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች ዳቦ ሻጯ።

«ለወንድምሽ። እጸልይልሻለሁ አልኩሽና ረሳሁት። ያ ሁሉ ሰው ያጨበጨበልኝ በከንቱ ነው። ይቅር በይኝ።»

ዳቦ ሻጯ መቆንጠጫውን አስቀመጠች። አሰበች። «ታዲያ እኔ ብቻዬን ነበርኩ ማለት ነዋ!» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አይ፣ ያን ማታ ቤት ስገባ ከበደኝ። እሷ ለስንቱ ትጸልያለች፣ በኔ ጭቅጭቅ ብቻዋን ትድከም? ትንሽ ላግዛት ብዬ ተንበረከክሁ። እሁድ እንዳስተማርሽን፣ ሳላሳምር፣ እንዲሁ እንደመጣልኝ ነገርኩት። ብቻዬን ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ድፍረት መጣልኝና ለወንድሜ ስልክ ደወልኩለት። 'ሃሎ' ሲለኝ የምለው ጠፋኝ፤ በሩን ሳይ ጊዜ 'በሬ ተሰብሯል' አልኩት።» ዳቦ ሻጯ በመዳፏ አፏን ያዘች። «እና ያ ሁሉ… እኔ ነበርኩ?»

«አንቺ ነበርሽ።»

«ወይ ጉድ! ወይ ጉዴ!» አለችና ከባንኮኒው ወዲያ መጥታ አቀፈቻት። ዱቄቷ የመርፌን ጥቁር ሹራብ ነጭ አደረገው። መርፌ ስትመለስ ግማሽ ደስታ ግማሽ እፍረት ተሸክማ ነበር። የዘራችው ዘር እየበቀለ ነው፤ የራሷ ማሳ ግን ክው ብሎ ደርቋል።

ስለዚህ ለብቻዋ ልትጸልይ ቆረጠች። መቁረጡስ ቀላል ነበር፤ የት? ቤታቸው ባልና ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆችና አማቷ የሚኖሩበት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆለፈች፤ ወዲያው ትልቋ ልጇ «እማዬ ቶሎ በይ!» እያለች በሩን ደበደበችው። ባሏ አዘነላትና «ማዞሪያው ላይ ስቆም አውቶቡሱ ባዶ ነው፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። አንዲት አሮጊት ወጥተው «ልጄ፣ ሆስፒታል ይደርሳል?» አሏት። ይደርሳል አለች። ማን ታሞ ነው አለች። ሌላም ሰው ወጣ፣ ጨዋታው ደራ። ስትወርድ ግማሹን ተሳፋሪ ለእሁድ ጋብዛው ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

በመጨረሻ የመለኪያዋን ጥግ አሰበች። በምሳ ሰዓት መጋረጃውን ስባ ገባች። ቆመች። ፊት ለፊቷ መስታወት፤ መስታወቱ ውስጥ የምትጸልይ ሴት። ሳታውቀው ሻሿን አስተካከለች። ፊቷን ትንሽ አሳዘነችው። እንደዚያ ሲሆን የተሻለ መሰላት። ደግሞ ምን እያደረገች እንደሆነ ሲገባት ራሷን ታዘበችና የተረፈ ገበር አምጥታ መስታወቱን ሸፈነችው። አሁን ማንም የለም። እጇን አጣመረች፣ አፏን ከፈተች፤

«የተወደዳችሁ እህቶቼ ሆይ!» የሚል ወጣ።

ብቻዋን ተንከትክታ ሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ መጋረጃው ተገለጠና አንድ ትራፊክ ፖሊስ ሱሪ በእጁ እንደያዘ «ይቅርታ፣ ሰው አለ እንዴ?» አላት። «የለም» አለችና ወጣችለት።

መፍትሔው የመጣላት ግን ካላሰበችበት ነው። አማቷ ጆሯቸው ደክሟል። በዚህ የተነሳ የሚያንሾካሽኩ እየመሰላቸው ይጮኻሉ። ከሰዓት በኋላ ክፍላቸውን ዘግተው ሲጸልዩ ምስጢራቸው ለጎረቤት ሁሉ ይደርሳል። የላይኛው ፎቅ ሰውዬ ውሻው እንደሚረብሻቸው ያወቀው ለእግዚአብሔር ሲከሱት ሰምቶ ነው፤ ምስጋና ይግባውና ውሻውን ወደ ሌላኛው ክፍል አዛወረው። ቤተሰቡ ደግሞ ስለለመደው አይሰማውም።

ያን ቀን መርፌ ራሷን አሟት ቀደም ብላ ገብታ፣ በወዲያኛው ክፍል ጋደም ብላለች። የአማቷ ድምፅ በግድግዳው ዘልቆ መጣ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ምራቴ… ልጄ ናት እንጂ የምን ምራት! ይቺ ልጄ ደክማለች። ሰው ሁሉ ከሷ ይቀዳል፤ ለሷ የሚቀዳላት የለም። ዝም ስትል አይቼ ተጨነቅሁ፤ እሷ ዝም አትልም ነበር። አንተን ካነጋገረችህ ሰነበተች መሰለኝ። አትቀየማት። ሥራ በዝቶባት ነው። አንተም ታውቃለህ፣ እምቢ ማለት አትችልም። እስክትመጣ እኔ አለሁ፤ የሷንም የኔንም አደርሳለሁ። ብቻ ጉልበቴን ቻል አድርግልኝ።»

መርፌ ከአልጋው ወረደች። ግድግዳው ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «መጣሁ» አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ያለችውን ለማንም አልተናገረችም። አማቷ ጨርሰው ሲወጡ ምራታቸውን ወለል ላይ አግኝተው «ምነው ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል!» ብለው ተቆጡ። «ለምን እንደዚያ ቁጭ አልሽ?»

«እርስዎን እያዳመጥኩ ነው እማማ።»

«እኔን? እኔ ምን ተነፈስኩ?» አሉ አማቲቱ።

በዚያው ሳምንት መርፌ የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ጋ ሄደች። መጋቢው መሰላል ላይ ወጥተው የአዳራሹን አምፖል ይቀይራሉ።

«መጋቢ፣ ማስተማሩን ልተወው ነው።»

መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። «ቆይ ልውረድ» አሉ መጋቢው። ወርደው አምፖሉን እንደጨበጡ ታሪኩን ሁሉ ሰሟት። «ዳቦ ሻጯ እንዲያ ብላ መጸለይን ከማን ተማረች?» ብለው ጠየቁ።

«ከኔ ነው መሰለኝ።»

«ታዲያ እሁዴን አትንኪብኝ! መተው ካማረሽ ሌላውን ሁሉ ተዪ። ጠርቶ የሚያመላልስሽን ሁሉ ወደ እኔ ላኪው፤ እምቢ ማለት እኔ እችልበታለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እኮ የተሰበሩ ወንበሮች ያሉበት መጋዘን ውስጥ ነው የምደበቀው። ጸሐፊዋ ዕቃ ልገዛ የወጣሁ ነው የሚመስላት። ለማንም እንዳትናገሪ፤ ካወቁብኝ ወረፋ ይዘው ይጠብቁኛል።»

በቀጣዩ እሁድ መርፌ ዳቦ ሻጯን ከኋላ አስነስታ ፊት አቆመቻት፤ እውነቱንም ለሴቶቹ ነገረቻቸው። አንዳንዷ ቅር አላት፤ አንዳንዷ ደግሞ «እኛም እኮ እንላለን፣ አንጸልይም» ብላ ተነፈሰች። መርፌ ከዚያ ወዲህ «እጸልይልሻለሁ» ማለት ፈራች። አንዷ ችግሯን ስትነግራት «ነይ አሁን» ትላታለች፤ እዚያው ክሩ መሀል፣ አጠር አድርገው ይጸልያሉ፣ ወደ ሥራም ይመለሳሉ። ትምህርቷንም አሳጠረችው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም ብሎ በየራሱ የሚጸልይበት ጊዜ ሰጠች። መጀመሪያ ላይ ሳል በዛ፣ ቦርሳ ተከፈተ፣ ወንበር ተንቋቋ። እያደር ግን ለመዱት። ከበር ላይ የሚሰሙት ባሎች ብቻ «አለቀ እንዴ?» እያሉ አንገታቸውን ያስገባሉ።

የመጋረጃዋ ጥግም ሰመረላት። በምሳ ሰዓት ትገባለች። አንዳንድ ቀን ብዙ ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን እንቅልፍ ያንገላጅጃታል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ የቁልፍ ዓይነት ስታስብ ጊዜው ያልፋል። የከበዳት ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። እዚያ ውስጥ መልካም ሐሳብ ሲመጣላት ምላሷ ያሳክካታል። አንድ ቀን ስለ ሟች እናቷ ስትጸልይ፣ ለዓመታት የቆጠቆጣት ነገር እንደ ቋጠሮ ፍትት አለላት። በዕንባዋ መሀል «ይሄን እሁድ ብነግራቸው አዳራሹ ያለቅሳል» የሚል መጣባት። ተነሥታ ልትጽፈው ነበር። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። «አይ» አለች፤ «ይሄስ ያንተና የኔ ይሁን።» እሁድ ስለ ሌላ ነገር አስተማረች። ያስተማረችው ከወትሮው የተለየ አልነበረም፤ እሷ ግን ስትመለስ እንደ ወትሮው ባዶነት አልተሰማትም። ማንም ያልቀመሰው ትንሽ ነገር ጓዳዋ ውስጥ አስቀምጣ እንደወጣች ሴት ቀለል ብሏት ሄደች።

ደንበኞችም ሰዓቷን አወቁ። አንድ ቀን የአንዲት ሙሽራ እናት ቀሚሷን ልትለካ ቸኩላ ስትገባ ሹፌሩን አገኘችው። ምሳ ሰዓቱ ነበርና ሚስቱን ሊጠይቅ ገብቶ በሷ ወንበር ተቀምጧል።

«የለችም?» አለች ሴትዮዋ።

«አለች» አለ ሹፌሩ።

«የት አለች?»

በአገጩ ወደ መጋረጃው አሳያት። ከመጋረጃው ሥር ሁለት እግር ይታያል፤ አንዱ ጫማ አውልቋል።

«ሰው እየለካች ነው?»

ሹፌሩ አሰበ። «እሷን እየለኳት ነው» አላት። ወንበሩን ለቀቀላትና ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳላት። የሙሽራዪቱ እናት መጀመሪያ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ሻዩን እየጠጣች ሳለ ሱቁ ዝም እንዳለ፣ የውጪው የአውቶቡስ ጩኸት እንኳ የራቀ እንደመሰለ አስተዋለች። ትከሻዋ ዝቅ አለ።

መጋረጃው ተገለጠና መርፌ ወጣች፤ ፊቷ ላይ የእንቅልፍ ይሁን የደስታ የማይታወቅ ነገር አለ። «ነይ እስቲ እናትየዋ!» ብላ ስፒሎቹን ከመሰኪያ ትራሷ እየነቀለች በከንፈሮቿ ያዘች፤ ቀሚሱንም በሴትዮዋ ወገብ ዙሪያ ማያያዝ ጀመረች።

«ምን ብለሽ ስትጸልዪ ነበር?» አለች የሙሽራዪቱ እናት።

መርፌ ስፒሎች በሞሉበት አፏ «እም እም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እም!» አለች መርፌ፣ ዓይኗ እየሳቀ፤ ክንዷንም ከፍ እንድታደርግ በእጇ ጠቆመቻት።